ባኞ ያለ ሁሉ ስፓኒሽ ጀምሯል!

እናላችሁ ውድ አንባብያን፣ ሰሞኑን የቋንቋ አስተማሪ ሆኛለሁ። ከ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ሌላ ወረቀት የሌለኝ ልጅ! ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት በ2001 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ልጃቸውን ለስፔን ቤተሰብ በጉዲፈቻ ሰጥተው ነበር። ባላቸው ሞተው፣ ራሳቸውም በጠና ታመው ነው። መቼም ፈራጁ ብዙ ነው፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። በዚያን ዘመን ብዙ የኛ ልጆች ወደ ስፔን ሄደዋል፤ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ የተከለከለው በ2010 ዓ.ም. ነው። አሁን ልጅቷ አድጋ «ለገና እመጣለሁ» ብላለች። አማርኛዋ ጭራሽ ጠፍቷል። እትዬ ደግሞ «እንደ ዲዳ አፍጥጬማ አልቀበላትም! ጋዜጣ ላይ የምትጽፊ ልጅ ስፓኒሽ ያቅትሻል?» ብለው ያዙኝ።

በሰዋስው ብንጀምር ኖሮ በሦስተኛው ቀን ይተውት ነበር። ስለዚህ ከኩሽና ጀመርን። ስኳር «አሱካር»፣ ዘይት «አሴይቴ»፣ ሩዝ «አሮስ»፣ ሎሚ «ሊሞን»። እትዬ ሳቁ። «የኛኑ ነው እንዴ የሰረቁት?» የወሰዱትስ ከዐረብኛ ነው። ሙስሊሞቹ ከሰሜን አፍሪካ ወደ ስፔን የተሻገሩት እ.ኤ.አ. በ711 ሲሆን፣ የመጨረሻ ግዛታቸው ግራናዳ እስከወደቀበት እስከ 1492 ድረስ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ቆይተዋል። አሱካር ፊት ላይ የተለጠፈችው «አ» ራሷ የዐረብኛዋ «አል» ናት። መጋዘን ላይማ ሙሉዋን ታገኟታላችሁ፤ «አልማሴን» ነው የሚባለው። ስፔኖች ታዲያ ይህን «ሱ» እና «ሴ» የሚሉት ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሃል ብቅ አድርገው ነው። እትዬ የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ከኔ አስበልጠው አወጡት!

ሌላው በር ጣሊያን ነው። ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ሁለቱም የላቲን ልጆች ስለሆኑ፣ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል ሁሉ ያግዛል። ባኞ ያው «ባኞ» ነው። ፋብሪካም «ፋብሪካ» ነው። ግን ተጠንቀቁ! «ማኪና» ብትሉ ማንኛውም ማሽን ነው፤ የምንሳፈርበት መኪና ስፔን ውስጥ «ኮቼ» ነው። «ካሚሳ»ም ቀሚስ ይመስላል እንጂ ሸሚዝ ነው። (ካሚሳም፣ ቀሚስም፣ ሸሚዝም ከአንድ ጥንታዊ ቃል የወጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ ማን ያምናል?) ቲማቲምን ደግሞ ስፔኖች ራሳቸው ከሜክሲኮ ነባር ሕዝብ «ቶማትል» ሲባል ሰምተው «ቶማቴ» አሉት፤ እየዞረ እየዞረ እኛ ድስት ውስጥ ገባ።

እናንተም ቋንቋ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ምክሬ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ቤታችሁን ዙሩ። የቃሉን ዘር ካወቃችሁት ቶሎ አይረሳም።

እትዬን በጣም ያስቸገራቸው «ኢኻ» የሚለው ቃል ነው። ሴት ልጅ ማለት ነው። ሳምንት ሙሉ እየያዙ ጣሉት። በመጨረሻ በፉርኖ ዳቦ አስታወስኳቸው። ፉርኖ የመጣው ከጣሊያንኛው «ፎርኖ» ነው፤ መጋገሪያ ምድጃው ማለት ነው። ስፔኖች ግን ያንኑ «ኦርኖ» ይሉታል። በብዙ የላቲን ቃላት መጀመሪያ ላይ የነበረችውን «ፈ» በጊዜ ብዛት አሟሟት። መጀመሪያ ወደ «ሀ» ለወጧት፤ ቀጥሎ ድምጿንም ጣሉት፤ ዛሬ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። የላቲኑ «ፊሊያ»ም በዚሁ መንገድ «ኢኻ» ሆነ።

«እንዴት ነው እሱ? ፊደሏ አለች፣ ድምጿ የለም?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ሚ ኢኻ» አሉ፤ «ልጄ» ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሱትም።

ትናንት ደግሞ «ይቅር በይኝ» እንዴት እንደሚባል ጠየቁኝ። «ፔርዶናሜ» ነው። ለዚህኛው ኩሽናም ብፈልግ ባኞ ቤትም ብፈልግ በአማርኛ ዘመድ አላገኘሁለትም። እሳቸውም ከየት እንደመጣ አልጠየቁኝም። «ትልቅ አድርገሽ ጻፊልኝ» አሉ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥረዋልና በኛው ፊደል ጻፍኩላቸው። ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል፤ ውሃ ሊያወጡ በከፈቱ ቁጥር ይሉታል።