መምህርና ጥርስ

በዚህች የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ሰሌዳ አጻጻፍና ስለ ፈተና ዝግጅት ብዙ ተጽፏል። መምህር ሁሉ ይዞት ወደ ክፍል ስለሚገባው መሣሪያ፣ ስለ ጥርስ፣ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። «ሰ»ና «ፈ» ያለ ፊት ጥርስ አጥርተው አይወጡም፤ ተማሪው ደግሞ የሚደግመው ከመምህሩ አፍ የሰማውን ነው። ስለዚህ በሆስፒታሉ በሚታወቀው በኦቶና ሰፈር፣ በአንድ ክፍል የምናድር ስድስት እጩ መምህራን ጥቂት ለማለት ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስታችን አንዱ በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን ያፋጫል። ሰፈሩ ጸጥ ሲል ደረቅ በቆሎ እንደሚፈጭ ወፍጮ ድምፁ ይሰማናል፤ እሱ ራሱ ግን አይሰማውም። ጠዋት መንጋጭላው ዝሎ፣ ጆሮ ግንዱን አሞት ይነሳል። የማስተማር ልምምዱ ሲቃረብ ባሰበት። ቆሎ ሲቆረጥም ከመንጋጋ ጥርሱ ስባሪ ወጣ። ይባስ ብሎ «እናንተን ከምረብሽ ሌላ ቤት ልፈልግ» አለን።

በየቤታችን የሰማነው መልስ አንድ ነው፦ «ወስፋት ነው፣ መድኃኒት ይዋጥ!» የሆድ ትላትልን መመርመር መልካም ነው፤ ጥርስ የሚያፋጨው እሱ ስለመሆኑ ግን ማረጋገጫ የለም። በዛሬው እውቀት ነገሩ በእንቅልፍ ውስጥ ከአንጎል የሚነሳ የመንጋጭላ ጡንቻ እንቅስቃሴ ነው። ጭንቀት፣ መጠጥ፣ ሲጋራና ማታ ማታ የሚጠጣ ብዙ ቡና ያባብሱታል። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ሰውማ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፤ ውፍረቱ ግን በመንጋጋ ጥርስ ላይ እንኳ ቢበዛ 2 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ቆዳ ቢላጥ ይተካል፣ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ኢናሜል ግን አንዴ ካለቀ አለቀ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋችን የበቀለው በ6 ዓመታችን አካባቢ ነው፤ እስከ ጡረታ የሚያደርሰንም ያው ነው።

ለዚህ የጥርስ ሐኪም የሚያዘው ናይት ጋርድ የሚባል የሌሊት ጥርስ መከላከያ አለ። የጥርስ ልክ ተወስዶ ከጠንካራ አክሪሊክ ይሠራና ማታ በላይኛው ወይም በታችኛው ጥርስ ላይ ይጠለቃል። ማፋጨቱን አያድንም፤ ጥርስ ከሚያልቅ ፕላስቲኩ ይለቅ ነው ነገሩ። እሱ ሲያልቅ ይለወጣላ! ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃና በብሩሽ ይታጠባል፤ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ከዚያ ደርቆ አየር በሚያስገባ ዕቃ ይቀመጣል። ለሕፃናት ግን መንጋጭላቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይታዘዝም፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዉታል። ነገ የተማሪ ወላጅ ተጨንቆ ቢጠይቀን ይህንኑ እንንገረው።

ዋጋው ለእጩ መምህር ኪስ ይከብዳል። ስለዚህ በክፍላችን ዕቁብ ጀምረን የመጀመሪያውን ዙር ያለ ዕጣ ለጓደኛችን ሰጥተናል። ቤት የመፈለጉንም ነገር አስተውነዋል። በየክፍሉ እንዲህ ያለ ድምፅ የምትሰሙ ካላችሁ፣ ባለቤቱ ራሱን አይሰማምና በጨዋ ደንብ ንገሩት። ለግፋታ በሬው ታርዶ ጥሬው ሲቀርብ ማንም ከመሶቡ ዳር ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር!