አዞው ነው ወይስ ልጁ?

ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ስሳፈር ሰው ሁሉ ዓይኑን አዞ ላይ ሲተክል እኔ የማየው ሙሽሮቹን ነው። አርባ ምንጭ የጫጉላ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ላይ ድንኳኑ ፈርሶ፣ መልሱም ቅልቅሉም ካለፈ በኋላ ወደዚህ የሚወርድ ጥንድ አይጠፋም። የሕይወት አድን ጃኬት አጥልቀው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባለጀልባው ሞተሩን አብርዶ የአዞ ገበያ ወደሚሉት ዳርቻ ሲጠጋ፣ ሁለቱም ግንድ ነው ብለው የናቁት ነገር ድንገት ተነስቶ ውሃው ውስጥ ይሰጥማል። ሙሽሪት የባሏን ክንድ ጭምድድ ታደርጋለች። እሱም ደንግጧል፤ ነገር ግን ክንዱ ከተያዘ በኋላ መደንገጥ አይፈቀድለትም፣ ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ከዚያ ይተያዩና ይስቃሉ። ሲመለሱ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት፤ ሲሄዱ እንዲህ አልነበሩም።

ይህን ነገር የመረመሩ ሰዎች አሉ። ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ካናዳ ውስጥ ካፒላኖ ወንዝ ላይ 70 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ሲረግጡት የሚወዛወዝ ድልድይ ላይ አንዲት ወጣት ሴት አቆሙ። ልጅቷ የሚሻገሩትን ወንዶች መጠይቅ ታስሞላና ስልክ ቁጥሯን ትሰጣለች። ቁጥሩን ከተቀበሉት 18 ወንዶች 9ኙ ደወሉላት። ዝቅ ባለና በማይነቃነቅ ሌላ ድልድይ ላይ ከተቀበሉት 16ቱ ግን የደወሉት 2 ብቻ ናቸው። ልባቸው የመታው ከፍርሃት ነበር፤ እነሱ ግን ምስጋናውን ለልጅቷ ሰጧት። በዚህ ሂሳብ የጫሞ ባለጀልባ ከአገናኝ ሽማግሌ የሚያንስ ሥራ አይሠራምና ዋጋ ቢጨምር አይፈረድበትም።

እንግዲያውስ ፍቅር የቦታ ሥራ ነው ብዬ ነገሩን ልዘጋው ስል ነጭ ሳር ፓርክ ትዝ ይለኛል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ጠባብ መሬት ተሻግራችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ፣ አንድ ፀሐይ የሚመታቸው ሦስት ዓይነት ትዳሮች ታያላችሁ። የሜዳ አህያው ዘንድ አንድ ድንጉላ ብዙ እንስቶችን ይዞ ይዞራል። ዝንጀሮዎቹ ዘንድ ማን የማን እንደሆነ መናገር ይቸግራል። ቁጥቋጦው ሥር ደግሞ እንሹ አለች፤ ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ፣ አንድ ባል አንዲት ሚስት ሆነው አንድ ጥሻ ውስጥ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ። ናሚቢያ ውስጥ በቅርብ ዘመዷ ላይ የዘረ መል ምርመራ ሲደረግ፣ የተመረመሩት ግልገሎች ሁሉ የቤቱ አባት ልጆች ሆነው ተገኝተዋል። ለዚህ ታማኝነት ግን ብዙ ቅኔ አትቀኙለት። ወንዱ ሚስቱ በደረሰችበት ሁሉ እየተከተለ የጣለችውን በጠጥ በእግሩ ጭሮ የራሱን ይከምርበታል፤ ሌላ ወንድ ጠረኗን እንዳያገኝ ነው። ስልክ ከሚፈትሽ ቀናተኛ ባል በምን ይለያል?

ሜዳው አንድ፣ ሣሩ አንድ፣ ትዳሩ ግን ሦስት ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ያሸነፈ ይመስላል፤ የተፈጥሮ ጠበቆችም ማስረጃ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የሜዳ አይጥ አለ፣ ከመረጠው ጋር የሚጸና። የሥጋ ዘመዱ ግን ወረተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች ቫሶፕሬሲን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል በወረተኛው አንጎል ውስጥ እንዲበዛ ቢያደርጉ፣ ወረተኛው አንዲቷን መምረጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የታማኝነት ዘረ መል ተገኘ ተብሎ ብዙ ተጻፈ። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ሌሎች ተመራማሪዎች የፍቅር ሆርሞን እየተባለ የሚሞገሰውን ኦክሲቶሲን መቀበል የማይችሉ የታማኙ ዝርያ አይጦች ፈጥረው ቢያዩዋቸው፣ አይጦቹ እንደ ልማዳቸው ተጣምረው ተኙ። ቁልፉ ነው የተባለው ወልቆም በሩ ተከፈተ።

እኔን ይህን ክርክር ያስተወኝ አይጥም እንሹም አይደለም፤ የአዞ እንቁላል ነው። አባያ ዳርቻ ካለው የአዞ እርባታ ገብታችሁ አጥሩን ተደግፋችሁ ግልገሎቹን ስታዩ የትኛው ወንድ የትኛዋ ሴት እንደሆነች አትለዩም። እናቲቱም አሸዋ ውስጥ ስትቀብራቸው ጾታቸው አልተቆረጠም ነበር። የአዞ ጾታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነው። ጎጆው ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ከሞቀ ወንድ ይበዛል፤ ከዚያ ከቀዘቀዘም ከዚያ ከጋለም ሴት ይበዛል። ሦስት ወር ያህል እናት ምግብ ትታ ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹ ከውስጥ ሲጮሁ አሸዋውን ቆፍራ በዚያ በሚያስፈራ አፏ ይዛ ወደ ውሃው ታወርዳቸዋለች። እንግዲህ ወንድነቱን የሰጠው ማን ነው? ፀሐይዋ እንዳትሉ የዶሮ እንቁላል እዚያው አሸዋ ውስጥ ብትቀብሩት ወንድነቱና ሴትነቱ በሙቀቱ አይለወጥም። ዘሩ እንዳትሉ ዘሩ ብቻውን መልስ የለውም። የአዞ ዘር አሸዋውን ለመጠየቅ ተዘጋጅቶ የተሠራ ዘር ነው። የሰው ፍቅርም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ያለ አካባቢ የማይናገር ተፈጥሮ ይዘን ነው የተወለድነው፣ ስለዚህ ከሁለቱ ስንት እጁ የየትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ገና ሲጠየቅ ይሰበራል።

አባቶቻችን «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ሲሉ ይህን ጣጣ ዘለውታል። እናቲቱ ደሟንም ጠባይዋንም ወጧንም አውርሳለች፤ ሽማግሌው የትኛው በየት በኩል መጣ ብሎ አይቸገርም።

ይልቅ አካባቢ ምን ያህል ተንኮለኛ እንደሆነ ለማየት የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ይበቃል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው ይህ ተቋም በየዓመቱ ከጎንደርም ከወለጋም ከሐረርም ልጆች ይላኩለታል። ምደባ ሲወጣ ስንቱ ቤት ይለቀሳል፤ ወባው፣ ሙቀቱ፣ ርቀቱ። ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ያው ልጅ አንዲት የማያውቃት አገር ልጅ ይዞ ይመለሳል። ትምህርት ሚኒስቴር ሳያውቀው የአገሪቱ ትልቁ አገናኝ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ የአሜሪካ ተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ጓደኝነት በበር ቅርበት እንደሚወሰን አሳይተዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ይህን ያውቁ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን ለልጃቸው አስተማሪ አድርገው ቤት ባያስገቡት ኖሮ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከየት ይጀመር ነበር?

ቅርበት ግን ገደብ አለው። ፊንላንዳዊው ኤድቫርድ ቬስተርማርክ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ እንዳስተዋለው፣ ከሕፃንነት አብረው ያደጉ ልጆች ሲያድጉ አይፈላለጉም። ተፈጥሮ ቤት ውስጥ ያለውን ትዘጋለች፤ ወግ ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ ወይም በጋሞ ደጋ እንደሚደረገው የራስን ጎሳ ከልክሎ አጥሩን ያሰፋዋል። እዚህም ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሲቀላ ሰፈር ማንጎ ተነስታችሁ የቀርከሃና የእንሰት አገር ትገባላችሁ፤ ሸሚዝ ለብሶ የወጣ ሰው ጋቢ ይለምናል። ታች ፍቅር ማታ ማታ ሰቻ ሰፈር ገደል አፋፍ ላይ ሐይቅ እያየ የሚንሸራሸር ነው። ላይ ብርዱ ሰውን ምድጃ ዳር ያስገባዋል፤ ፍቅርም አደባባይ የሚወጣበት ቀን አለው። ሶፌ በሚሉት ሥርዓት አዲስ ሙሽሮች በመስቀል ሰሞን ተውበው ገበያ መሀል ይታያሉ። ጫጉላው የሁለት ሰው ምሥጢር ነው ብሎ ለሚያስብ የከተማ ሰው ይህ ይከብደው ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ ገበያ ሙሉ ሕዝብ ያየው ትዳር ቶሎ የሚፈርስ አይመስለኝም።

እዚያው ጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ተቀምጦ ያጠናው ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር የጻፈው አንድ ነገር አለ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይሉታል። ይሁንና በእነዚያ ቀናት እንስሶቻቸውን ከሌላው ቀን ባነሰ አይጠብቁም። ስፐርበር በዚህ ብዙ ተፈላስፏል። እኔን የሚገርመኝ ሰዎቹ ሳይቸገሩ ሁለቱንም መያዛቸው ነው፤ ነብሩ ምግባር አለው፣ ጥርስም አለው። ስለ ባልና ሚስት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

አንድ የሚቀር ጉዳይ ግን አለ። የጋሞ ወንድ ሸማኔ ነው፤ ሴቷ ፈታይ። ብዙ ሸማኔ መጠቅለያውንና መወርወሪያውን ይዞ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ገብቷል። ሚስት እንሰቷን እየኮተኮተች ደጋው ላይ የቀረችበት ቤት ስንት ነው! መካከላቸው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቅርበት ያፋቅራል ለሚለው ምሁር ይህ ችግር ነው። ሆርሞን ነው ለሚለውም ችግር ነው፤ ሆርሞን በስልክ እስከ መስቀል ድረስ አይቆይም። የሚያቆየው፣ እንደ እኔ፣ ቀጠሮው ራሱ ነው። የመስቀል ዕለት አለመግባት ሊታሰብ አይችልም፤ የበሬው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ይጠራቀማል፣ ቅቤው ይቀመጣል፣ መስከረም ሲገባ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ አውቶቡስ ወንበር ይጠፋበታል። ይህ ተፈጥሮ ነው እንዳልል ቀን መቁጠሪያ ነው፤ አካባቢ ነው እንዳልል የሚናፍቀው ገላ ነው።

ለማንኛውም ከመስከረም 17 ተነስታችሁ ዘጠኝ ወር ብትቆጥሩ ሰኔ አጋማሽ ላይ ትደርሳላችሁ። በሰኔ የተወለዳችሁ የሸማኔ ልጆች ቀሪውን ራሳችሁ አስሉት፤ እናንተን እዚህ ያደረሰው ሆርሞኑ ይሁን አውቶቡሱ እኔ አልፈርድም።