መርፌውን ይዘህ ሂድ

ደብረ ታቦር

ይድረስ ለልጄ፦

ስለ ስኳር በሽታህ ስናወራ በስልክ «ስኳር ስወድ አይታችሁኝ ታውቃላችሁ?» ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ጎረቤቶችም ሊጠይቁን መጥተው «የሀብታም በሽታ ከዚህ ከሲታ ልጅ ምን አለው?» ሲሉ አመሹ። ቡና ላይ ክርክር አልወድም፤ ላንተ ግን ልጻፈው።

እንጀራውም ድንቹም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመችው ቆሽት ኢንሱሊን ካላመነጨች ግን ስኳሩ ከደም ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ አይገባም፤ ጎተራው ሞልቶ ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። ያንተ፣ ዓይነት አንድ የሚሉት፣ ከተውሳክ ሊከላከልልን የተሰጠን ኃይል ዞሮ የቆሽትን ኢንሱሊን አምራች ሕዋሶች ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ከረሜላም አላመጣው፣ የሰው ዓይንም አላመጣው። የአክስትህ ዓይነት ሁለት ሌላ ነው፤ ኢንሱሊን አላት፣ ሰውነቷ ግን አልታዘዝ ብሎታል። በደም ያለው ስኳር ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ኩላሊት ማስቀረት አቅቶት በሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩም ውሃውን ይዞ ይወጣል። ሌሊት ሲያመላልስህ የከረመው፣ ሱሪህም የሰፋህ በዚህ ነው።

ስለ ከሲታነት ደግሞ ለጎረቤቶቻችን ያልነገርኳቸውን ልንገርህ። እዚያው ያለህበት ጎንደር፣ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለ መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ከገጠር የሚመጡት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በብዛት ወንዶች፣ ቀጫጭንና ድሆች ነበሩ። የተመራማሪዎቹ ጥያቄ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን ስኳር በሽታ መዝገብ እንደገና እንክፈት ወይ የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ተቀብሎት በ1999 እ.ኤ.አ. ሰርዞት ነበርና። በ2017 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ መለሰው። የጉና ተራራ ግርጌ ገበሬ ስም እስኪወጣለት አልጠበቀም፤ ሲታመም ኖሯል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ስኳር ሲጎዳ አይጮኽም። ለዓመታት ከፍ ብሎ ከኖረ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ያበላሻል። ዓይን ውስጥ ይደማሉ፣ ኩላሊት ውስጥ ማጣራቱን ይተዋሉ፤ ትልልቆቹ ሲጠቡ ደግሞ ልብና አንጎል ላይ አደጋ ይመጣል። የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። የሀገራችንን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ምድጃ ዳር እግር ዘርግቶ የማይሞቅ የለም። እግሩ የደነዘዘ ሰው ፍም ሲልጠው አይሰማውም፤ የሚነቃው ካልሲው ሲሸት ነው። ከዚያ ቁስሉ አልድን ብሎ ይመረቅዛል፣ መቆረጥም ይመጣል። ስለዚህ ማታ ማታ በጣቶችህ መካከል እያየህ ተኛ፤ ጫማህንም ሳታራግፍ አታድርግ። ዓይንህንና ሽንትህን ባይሰማህም ሐኪም ባለህ ጊዜ አስመርምር። ስኳሩን በልኩ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ማራቅ ይችላል፤ እኔን የሚያጽናናኝ ይኸው ነው።

ሰዎች ጸበል ሂድ ይሉሃል። ሂድ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ መርፌውን ግን ይዘህ ሂድ። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ሰውነት ስቡን ማቃጠል ይጀምራል፣ ደም ይኮመጥጣል፣ ማስታወክ ይመጣል፣ ትንፋሽ የፍራፍሬ ሽታ ይይዛል፤ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ቶሮንቶ ላይ በ1922 እ.ኤ.አ. አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ አንተን የመሰለ ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ ለታመመ እንደሚፈታ ያውቃሉ። ከወጋህ በኋላ ምግብ አትዝለል፤ ላብና መንቀጥቀጥ ከያዘህ፣ ወይም ልኬቱ ከ70 ካነሰ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ቶሎ ጠጣ። ይህን ለዶርም ጓደኛህም አስተምረው፤ ራስህን ከሳትክ ግን በአፍህ ምንም እንዳያደርግ፣ ወደ ሆስፒታል እንዲያሮጥህ ንገረው።

ለስኳር መለኪያው ወረቀት ብር በቴሌብር ልኬልሃለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳታውለው። እናትህ ለመድኃኒትህ ማቀዝቀዣ ማሰሮና አሸዋ አዘጋጅታለች፤ አሸዋውን እያረጠብን እናስቀምጥልሃለን። ለቡሄ ስትመጣ ሙልሙል አይከለከልህም፤ ስንት ዩኒት እንደምትጨምርበት ግን ሐኪምህን ጠይቀህ ና።

አባትህ