ያሰርነው ውሻና ያለብን ዕዳ

ስለ ውሻ ጥፍር መጻፍ ለአንዳንዶች እንደ ቀልድ ሊቈጠር ይችላል። እኛም ባለፈው ክረምት በቤታችን የደረሰው ነገር ባይደርስ ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ነገር ግን ከአንድ ትንሽ ጥፍር የተነሣ ልጃችን ተነክሶ፥ ዐሥር ቀንና ዐሥር ሌሊት በፍርሃት ስለ ሰነበትን፥ ከዚያ ያገኘነውን ትምህርት ውሻ ላለው ቤተ ሰብ ሁሉ ማካፈል ይገባናል ብለን አሰብን።

መከታ ብለን የሰየምነው ቡችላ የመጣልን ከዳባት ነው። ዳባት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፥ ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራራዎች በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ አገር ናት። በዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በግ ያረባሉ፤ ውሻቸውም ቀኑን ከእረኛው ጋር በድንጋዩና በገደሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ በረቱን ይጠብቃል። በእነርሱ ዘንድ የውሻ ጥፍር የሚቈርጥ ሰው አላየንም፤ ጭንጫው መሬት ራሱ እንደ ሞረድ ሆኖ በየቀኑ ይሞርደዋልና። እኛ ግን በኅዳር ወር፥ ገና የሁለት ወር ቡችላ ሳለ ወደ ጎንደር አመጣነው፤ ጐልመስ ሲልም ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለው ግቢያችን ቀን ቀን በሰንሰለት እናስረው ጀመር። ግቢያችን ሣር ነው፤ ክረምቱ ሲገባም ሁሉ ጭቃ ሆነ። ጥፍሩን የሚሞርድለት ነገር አልነበረም።

በሰኔ መጨረሻ መከታ በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ሲሄድ ጥፍሩ ቀጭ ቀጭ ሲል እንሰማ ጀመር። ጣቶቹ ተበልቅጠው ነበር፤ አረማመዱም እንደ ወትሮው አልነበረም። በፊት እግሩ ውስጥ በኩል ከመዳፉ ከፍ ብላ ያለችው አምስተኛይቱ ጥፍር ምንጊዜም መሬት ስለማትነካ፥ እንደ ቀለበት ዞራ ወደ ሥጋው ልትገባ ተቃርባ ነበር። ይህን አይተን መቍረጥ አለብን አልን። አሳባችን መልካም ነበር፤ አሠራራችን ግን የችኰላ ነበር።

ሐምሌ 18 ቀን፥ የገብርኤል ዋዜማ፥ አንዳችን አንገቱን፥ አንዳችን ወገቡን ጨምቀን ያዝነው። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃችን እግሩን ዘርግቶ ያዘ። መሣሪያችን የልብስ መቀስ ነበር። የውሻ ጥፍር ከጫፉ እንደ ቀንድ የደረቀ ቢሆንም፥ በውስጡ የደም ሥርና ስሜት ያለው ሕያው ሥጋ እንዳለ አናውቅም ነበር። የመከታ ጥፍር ደግሞ ጥቍር ስለ ሆነ ሥጋው የት ላይ እንደሚጀምር ከውጭ አይታይም። መቀሱ ጠልቆ ገባ፤ ደሙ ፈሰሰ፤ ውሻውም ጮኾ ዘወር በማለት በጥርሱ ያገኘውን ያዘ። ያገኘውም የልጃችንን እጅ ነበር።

ያን ጊዜ ሁለተኛው ጥፋታችን ፊታችን ላይ ቆመ። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ ሲገባን፥ «ከግቢ አይወጣ፤ ምን ያገኘዋል?» እያልን አቆይተነው ነበር። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ በፊት ግን፥ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በመጀመሪያ አንድን ልጅ ከከተበ ወዲህ፥ በጊዜው የደረሰ ሰው ይድናል። ስለዚህ ቍስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል አጠብንና ልጁን ይዘን ወደ ሐኪም ሮጥን። ክትባቱም ተጀመረለት። በአገራችን ብዙ ሰው አስቀድሞ ወደ ባህል መድኃኒት ሲሄድ ጊዜው እንደሚያልፍበት እናውቃለንና፥ አንድ ሰዓት እንኳ አላዘገየንም።

ሐኪሙም ውሻውን እንዳትገድሉት፤ አስራችሁ ዐሥር ቀን ጠብቁት አለን። ይኸውም በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ ይታያልና ነው። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሌሊቶች መናገር ያስቸግረናል። ጧት ስንነሣ ከሁሉ አስቀድመን የምናየው፥ መከታ ውሃውን ጠጥቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነበር።

ጐረቤቶቻችን በቅን ልብ ሆነው፥ «ይህን አውሬ ወስዳችሁ ጣሉት» አሉን። እኛም ዐሥሩ ቀን እስኪያልፍ ብለን እንጂ ልባችን ወደዚያው ነበር። ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩት እማሆይ ግን ልጁን ሊጠይቁ መጥተው ነገሩን ከሰሙ በኋላ፥ ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፤ ከደጋው ያመጣችሁት እናንተ፤ ያሰራችሁት እናንተ፤ ጥፍሩን ያሳደጋችሁት እናንተ፤ ያቈሰላችሁትም እናንተ። ታዲያ የሚከሰሰው እሱ ነው?»

መልስ አልነበረንም። ልጃችን ግን የታሸገ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፥ «እማሆይ፤ እኔም ብሆን እነክስ ነበር» አላቸው።

ሐምሌ 28 ዐሥሩ ቀን አለፈ፤ መከታም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የልጃችንም ክትባት በየቀጠሮው ቀጠለ። በማግስቱ ውሻውን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደን አስከተብነው። ሐኪሙ ወደ ሥጋው ልትገባ የነበረችውን ጥፍር በልዩ መቍረጫ በጥንቃቄ ቈርጦ፥ የቀሩትን እናንተው ቍረጡ፤ ነገር ግን በመጀመሪያ አስታርቁት አለን። ለዳባት ዘመዶቻችንም ውሾቻቸውን እንዲያስከትቡ ላክንባቸው። ይህ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለስሜን ተራራዎችም ይጠቅማል። የሳይንስ ስሙን ከስሜን የወሰደው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ሲሆን፥ ከቤት ውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያልቅ እንስሳ ነውና።

የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 1 ቀን ሲገባ እርቁን ጀመርን። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልቈረጥንም። ልጆቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ አንዱ ከመከታ አጠገብ ይቀመጥና እግሩን ለቅጽበት ነክቶ ይለቅቃል፤ ወዲያውም ቍራሽ ዳቦ ይሰጠዋል። ውሻ ጾም የለበትም፤ የቤቱ ማዕድ ግን የጾም ማዕድ ስለ ነበረ ዋጋው ፍርፋሪ ዳቦ ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጐዱ ወጥ የነካው እንጀራ አንሰጠውም ነበር። እግሩን ከሰበሰበ እንተወዋለን፤ ይዘን አንጐትተውም። በመጀመሪያው ቀን መዳፉን ገና ሳንነካ ጥርሱን አሳየን። በአምስተኛው ቀን እጃችን ላይ አሳረፈው። ቀጥሎም መቍረጫውን አሸተትነው፤ በአጠገቡም ሰንበሌጥ እየቈረጥን ድምፁን አለማመድነው።

ነሐሴ 11 ቀን አንዲት ጥፍር ቈረጥን፤ አንዲት ብቻ። ጥቍር ጥፍር እንደ ወረቀት ስስ እየተደረገ ከጫፉ ጥቂት በጥቂት ይቈረጣል፤ የተቈረጠውም ፊት በየጊዜው ይታያል። በመካከሉ ጠቈር ያለ ነጥብ ብቅ ሲል ሕያው ሥጋው ቀርቧልና መቆም ይገባል። ስተን ብናደማው ብለንም ንጹሕ ጨርቅና የበቆሎ ዱቄት አጠገባችን እናስቀምጥ ነበር፤ ዱቄቱን ጥፍሩ ጫፍ ላይ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ቢጫኑት ደሙ ይቆማልና። አብዛኛው ውሻ ጥፍሩ ዐሥራ ስምንት ነው፤ በበዓሉ ቀን፥ በነሐሴ 16፥ ከእነዚህ ስድስቱ አልቀው ነበር። የቀሩት እስከ ጳጕሜን ቈዩ። አንዳንድ ቀን እምቢ ሲል መቍረጫውን አስቀምጠን እንነሣ ነበር።

ያቈሰልናትን ጥፍር መጨረሻ አደረግናት። በጳጕሜን 4 ቀን ልጃችን ራሱ ልያዝለት አለ። ፈራን፤ ግን አልከለከልነውም። መከታ እግሩን ሁለት ጊዜ ሰበሰበ፤ ልጁም ሁለት ጊዜ እጁን ከፍቶ ጠበቀው። በሦስተኛው ጊዜ ውሻው ጠባሳ ያለበትን እጅ አሸተተና መዳፉን ተወለት። እኛም ጫፏን ብቻ ቈርጠን አበቃን።

ዛሬ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እንቈርጣለን። ጥፍሩ ቶሎ ቶሎ ሲቈረጥ በውስጡ ያለው ሥጋም ወደ ኋላ ይሸሻልና ሥራው እየቀለለ ሄዷል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ጧትና ማታ ከሰንሰለቱ ፈትተን በኮረብታው ድንጋያማ መንገድ ላይ ይዘነው እንወጣለን፤ ከደጋው ስናመጣው የነጠቅነው ይህ ነበርና።

በእኛ አገር ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ከቤት ውስጥም አያድርም። ቢሆንም በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያን መንገድ አብሮ የሄደ ውሻ ተጽፎ እናገኛለን። ደጃችንን የሚጠብቅ እንስሳ አፍ ስለሌለው ሕመሙን የሚነግረን በእግሩ ወይም በጥርሱ ነው። እኛ በእግሩ ሲነግረን ቈይተን ስላልሰማነው በጥርሱ ነገረን። እንግዲህ ውሻ ያላችሁ ሁሉ፥ ክረምቱ ሳይከብድ ክትባቱን አድርሱለት፤ ዛሬ ማታም እራቱን ስትሰጡት ጐንበስ ብላችሁ እግሩን እዩለት።