የቢሮ ሮቦት እና ሁለቱ ግሽ ዓባዮች

ሮቦት የሚለው ቃል ሲነሳ የብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው በፊልም ያየነው የብረት ሰው ነው። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔቱ ሲሆን፣ የቃሉ መነሻ «ሮቦታ» ነው። ትርጉሙም ገበሬው ለባላባቱ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ማለት ነው። የጎጃም አያቶቻችን ይህን ነገር አሳምረው ያውቁታል፤ ሁዳድ ይሉታል።

እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን እጅም እግርም ስለሌለው ሮቦት ነው። በእንግሊዝኛው ምኅጻር አር.ፒ.ኤ. ይባላል። ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ የቢሮ ሠራተኛ የሚሠራውን የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ጉዳይ እንዳነብ ያደረገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ዳታ ኢንኮደር ሆና ትሠራለች። «ይህን ሥራ ሮቦት ሊረከበው ነው» የሚል ወሬ ቢሮ ውስጥ ሰምታ «አንተ ጋዜጠኛ ትሆናለህ አይደል፤ እስኪ እውነቱን አጣርተህ ንገረኝ» አለችኝ። እንጀራዋ ነውና ጥያቄዋ የዋዛ አልነበረም። እኔም ሳጣራ ያገኘሁት መልስ ከመጀመሪያው ግምቴ የተለየ ስለሆነ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ለመሆኑ ነባሩ አውቶሜሽን እና አር.ፒ.ኤ. ምንና ምን ናቸው? ነገሩ በወፍጮ ይገባናል። ድሮ እናቶቻችን ተንበርክከው መጅ እየገፉ ይፈጩ ነበር። ኋላ የሞተር ወፍጮ መጣ። የሞተር ወፍጮ ግን ተንበርክኮ መጅ የሚገፋ የብረት ሴት አይደለም፤ የመፍጨቱን አሠራር ራሱን ከሥሩ የቀየረ ነው። ነባሩ አውቶሜሽን እንደዚህ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬውን ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ውሰዱ። በምረቃው ጊዜ በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮለታል። ይህን ያህል ዘይት የሰው እጅ ለማስመሰል በተሠራ ማሽን አይመረትም፤ ሥራው እንደ አዲስ ታስቦ በቧንቧ፣ በሞተርና በመቆጣጠሪያ ተሰናስሎ ነው እንጂ።

ቢሮ ውስጥም ነባሩ አውቶሜሽን እንደዚሁ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በጓዳ በር ይገናኛሉ፤ መረጃው ከአንዱ ቋት ወደ ሌላው በቀጥታ ይፈስሳል፣ ማንም መሀል ገብቶ አይጽፍም። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ኢትስዊች ጥሩ ምሳሌ ነው። የአንዱን ባንክ ካርድ ይዘን በሌላው ባንክ ኤ.ቲ.ኤም. ብር ስናወጣ ከኋላ ተቀምጦ የሒሳብ ቁጥራችንን የሚገለብጥ ሰው የለም፤ ባንኮቹ በኢትስዊች በኩል ይነጋገራሉ።

አር.ፒ.ኤ. ግን የሚገባው በሳሎን በር ነው። እንደ ሠራተኛው ተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ፕሮግራሙን ይከፍታል፣ ስም ይገለብጣል፣ ሌላኛው መስኮት ላይ ይለጥፋል፣ «ቀጥል» የሚለውን ይጫናል። መጅ የሚገፋው የብረት ሰው ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። ወፍጮው እንዳለ ነው፤ ፈጪው ብቻ ተቀየረ። የዘርፉ ታዋቂ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመው ብሉ ፕሪዝምና በ2005 ቡካሬስት፣ ሩማንያ የተጀመረው ዩአይፓዝ ናቸው።

ይህ አሠራር ሞኝነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። የጓዳ በር ለመክፈት ሁለቱንም ፕሮግራሞች የሠሩትን ባለሙያዎች ማግኘት፣ ማስማማትና መክፈል ያስፈልጋል። አንዳንዴ አሮጌውን ፕሮግራም የሠራው ሰው የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። ሮቦቱ ግን ነባሩን ሳይነካ ቶሎ ሥራ ይጀምራል። የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ቴሌፎኒካ ኦቱ የተባለው የእንግሊዝ የሞባይል ኩባንያ 15 የሥራ ሂደቶችን ለሮቦቶች ሰጥቶ እንደነበር ጽፈዋል። ከ160 የሚበልጡት ሮቦቶች በወር ከ400 ሺህ እስከ 500 ሺህ ጉዳይ ይጨርሱ ነበር። መጀመሪያ ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱም የሲም ካርድ መቀየር ነው።

ታዲያ እኛ ዘንድ ቢመጣስ? ነገሩን በራሳችን አገር ስም እንየው። የዓባይ ምንጭ ያለበትን የሰከላን ቦታ አንዱ ጸሐፊ «ግሽ ዓባይ» ይለዋል፣ ሌላው «ግሽ አባይ»። ፍኖተ ሰላምን አንዱ ለያይቶ፣ ሌላው ገጥሞ ይጽፋታል። «ፀሐይ» የተባለች ሴት በአንዱ ፋይል «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ሆና ትገኛለች። ለእኛ አንድ ናቸው። ለሮቦቱ ግን፣ ቀድሞ ካልተነገረው በስተቀር፣ ሁለት አገርና ሁለት ሴት ናቸው። የቀን ነገር ደግሞ አለ። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደን ሕፃን አይቀበልም። ሰው ቢሆን ይስቅና መላ ይፈልጋል፤ ሮቦቱ ግን ወይ ይቆማል፣ ወይ ዘሎት ያልፋል። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከቀኝ ወደ ግራ ቢዛወር እንኳ ሊጠፋበት ይችላል።

እህቴን እንዲህ ዓይነት ስም ሲገጥማት ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት። «ስሙን ብቻ መች አያለሁ፤ ቀበሌውንና የአያቱን ስም ነው የማየው። አሁንም ካልገባኝ ደውዬ እጠይቃለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህ በሥራ መደቧ ዝርዝር ላይ የለም። በወረቀቱ ላይ ሥራዋ «መረጃ ማስገባት» ነው። በተግባር ግን የሁለት ፋይሎች ሽማግሌ ናት። ሮቦት ሲገዛ የሚታሰበው የጣቷ ሥራ ነው፤ የሽምግልናዋ ሥራ አይታሰብም።

የስሙን ችግር ከሥሩ የሚነቅለው ሮቦት ሳይሆን ነባሩ መንገድ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ያደረገለት ፋይዳ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር ይሰጣል። «ፀሐይ» በየትኛውም «ፀ» ብትጻፍ ቁጥሯ አንድ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ቁጥር ከተገናኙ የሚገለብጥ ሰውም የሚገለብጥ ሮቦትም አያስፈልጋቸውም። ይህን መሥራት እየተቻለ ለመገልበጥ ሮቦት መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። በሌላ በኩል ፋይሉ ገና በእስክሪብቶ በተጻፈ መዝገብ ላይ ከሆነ ሮቦቱ የሚገለብጠው ነገር ራሱ የለም፤ መጀመሪያ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ይፈለጋል፤ ያም ሰው እንደ እህቴ ያለው ነው።

ነባሩ መንገድ እንከን የለሽ ነው ማለቴ ግን አይደለም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን እኛ ተማሪዎች አንረሳውም። ሲስተሙ ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ መወሰዱን አስታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎች ብሩን እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ። የጓዳ በር ሲበላሽ ቤቱ በሙሉ ይናወጣል። ደግነቱ ጥፋቱ ወዲያው ይታያል፣ የሚጠገነውም አንድ ቦታ ላይ ነው። የሮቦት ስህተት ግን ጥቃቅን ነውና የሚያየው ሰው ከሌለ ሳምንታት ሊያልፉት ይችላሉ። ሁለቱም ደግሞ መብራትና ኔትወርክ ይፈልጋሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ ሰው፣ የወረቀት መዝገብን በአንድ ቀን ለማቃጠል አይቸኩልም።

ለእህቴ የነገርኳትም ይህንኑ ነው። መገልበጡ ዛሬም ባይሆን ነገ ከእጅሽ ይወጣል፣ አልዋሽሽም፤ በጓዳም ይምጣ በሳሎን አንዱ ይወስደዋል። የማይወጣው ሁለቱን ፀሐዮች አንድ መሆናቸውን ማወቁ ነው። ስለዚህ የምታውቂውን ሕግ በደብተር ጻፊው፤ የትኛው ስም ከየትኛው ጋር እንደሚምታታ፣ መቼ ስልክ እንደምትደውዪ። ሮቦቱን የሚያሰለጥነው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ደብተር ነው፤ ደብተሩን ስታሳዪ ግን ቦታሽንም አብረሽ ጠይቂ። መሥሪያ ቤቶቻችንም ደብተሩን ተቀብለው ባለቤቷን ቢያሰናብቱ፣ ጳጉሜን የተወለደው ሕፃን ፋይል ሲቆም የሚጠሩት ሰው አይኖራቸውም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? ነገ «አገልግሎታችንን በሮቦት አዘመንን» የሚል መግለጫ እጃችን ሲገባ ርዕስ አድርገን ከመለጠፋችን በፊት የምንጠይቀው አለን። ሮቦቱ የገባው በጓዳ ነው በሳሎን? ሲሳሳት የሚያየው ማን ነው? ሥራውን ትሠራ የነበረችው ሴትስ አሁን የት ናት? የመጨረሻውን ጥያቄ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ላይመልሱልን ይችላሉ። ያኔ አድራሻዋን ጠይቀን እሷኑ ሄደን ማነጋገር ነው።