ከፑኝዶ እስከ ኮሌጁ በር

እኛ ሁለት ነን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ክረምቱን በጎግ ወረዳ፣ በፑኝዶ፣ ፊደል ስናስተምር ቆየን። ያረፍንበት ቤት አምስት ቤተሰብ አለው። አባት፣ እናት፣ አንዲት ትልቅ ልጅና ሁለት ታናናሽ ወንዶች ናቸው። እናታችን ከሰኔ ወር ጀምረው ከእኛ ጋር ፊደል ቆጥረዋል። አባታችን ግን «እኔ አርጅቻለሁ» ይላሉ። ከበሩ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። እዚያው ተቀምጠው ብዙ ፊደል ለይተዋል፤ ሲነገራቸው አያምኑም።

ትልቋ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። አስተማሪ መሆን ትፈልጋለች። ለዚህም በጋምቤላ ከተማ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ነገር ግን በሐምሌ መጨረሻ ሽማግሌዎች መጡ። ልጅቷን ለጋብቻ ጠየቁ። የጠያቂው ቤት ደህና ቤት ነው፤ ክፉ ስም የለበትም። አባታችን «ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ኑ፤ መልስ እንሰጣለን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ እህል አልበላም አለች። እኛ እንግዶች ነን፤ ምን እንበል? ዝም አልን። አንድ ቀን ማታ እናታችን ተናገሩ።

«ያላየሁትን አገር እንዴት ሂጂ እላታለሁ? እንዴትስ አትሂጂ እላታለሁ? መጀመሪያ በዓይኔ ልየው» አሉ።

እናታችን ጋምቤላን የሚያውቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ታመው ነበር። ያዩት የሐኪም ቤቱን ጣራ ነው።

በነሐሴ ወር፣ አንድ ዓርብ፣ ሁላችንም ተነሣን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። ከፑኝዶ ጋምቤላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በአቦቦ በኩል ያልፋል። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበርና አቦቦ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ወርደን ገፋን። አባታችን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገፉ። እናታችን ከላይ ሆነው «ኧረ ለመሆኑ ኮሌጅ ልናይ ነው ወይስ ልናርስ?» አሉ። መንገደኛው ሁሉ ሣቀ። ልጅቷም ሣቀች። ከሽማግሌዎቹ ወዲህ ስትሥቅ ያየናት ያን ቀን ነው።

ጋምቤላ ስንደርስ ረፍዷል። ከተማው ሰው በሰው ነው። ክረምት ስለሆነ ከየወረዳው የመጡ አስተማሪዎች ትምህርታቸውን ለማሻሻል ገብተዋል። ደብተርና ጃንጥላ ይዘው ይሄዳሉ። ባጃጁ ይጮኻል። ሴቶች በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ያፈላሉ። አንዱ አኝዋሃ ይናገራል፣ አንዱ ኑዌር፣ አንዱ ማጃንግ፤ ሲገበያዩ ግን አማርኛው ያገናኛቸዋል። ታናሹ ልጅ ባጃጅ ካልተሳፈርኩ ብሎ አለቀሰ። ተሳፈርን። ስድስት ሰዓት ገደማ ኮሌጁ በር ደረስን።

በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። እናታችን ቆሙ። ጣታቸውን አነሡ።

«መ… ም… ህ… ራ… ን» አሉ። «መምህራን!»

አጨበጨብንላቸው። ቀጠሉ። «ኮ… ሌ…» አሉና ድንገት ወደ ኋላ ሸሹ። «ኮሌራ! እዚህ ቤት ኮሌራ አለ እንዴ?»

የጤና ሠራተኞች መንደር መጥተው ስለ ኮሌራ አስተምረዋል። ቃሉ በአእምሯቸው ቀርቶ ነበር። እናታችን «ሌ» ከማለታቸው የቀረውን በግምት ሞሉት። ትልቋ ልጅ «እማማ፣ የመጨረሻውን ፊደል አላዩትም፤ ጅ ነው፣ ኮሌጅ» አለቻቸው። ዘበኛው በሣቅ ሊወድቅ ደረሰ። ግን ደግ ሰው ነበር፤ አስገባን። እኛ አስተማሪዎቹም አንድ ነገር ተማርን። ለካ ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል እንዲያነቡ አጥብቀን አልነገርናቸውም።

ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ሕፃን ታጠባ ነበር። በጭኗ ላይ ደብተር ተከፍቷል። አስተማሪ ነች፤ ለክረምት ትምህርት የመጣች። እናታችን አጠገቧ ተቀመጡ። እኛ ስለ ትምህርቱ ይጠይቃሉ ብለን ነበር። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው። ውኃ ከየት ትቀጃለሽ? ማታ ከማን ጋር ትገቢያለሽ? ስትታመሚ ማን ያይሻል? ሴትዮዋ አንድ በአንድ መለሰች። ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተዋል። አንዷ ስትታመም ሁለቱ ያስታምማሉ። የቤት ኪራይ ግን ከባድ ነው አለች፤ ይህን አልደበቀችም። እናታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። እኛ ራበን።

ከዚያ ወደ ባሮ ወንዝ ወረድን። ዓሣ በላን። ባሮ በነሐሴ ሙሉ ነው፤ ውኃው ቀይ፣ ፈጣን ነው። ድልድዩ ላይ ቆመን አየነው። አባታችን እስከዚያ ዝም ብለው ነበር፤ እዚህ ግን አፋቸው ተከፈተ። አባታቸው በልጅነታቸው የመርከብ ጩኸት እዚህ ሰምተው ነበር። እውነት ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ቦታ ፈቅደው ነበር። በክረምት ውኃው ሲሞላ መርከብ ከሱዳን እስከ ጋምቤላ ይመጣ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያመጣል፤ የደጋውን ቡና ይወስዳል። በበጋ ውኃው ስለሚጎድል መርከቡ አይመጣም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

«የእኛ ጊሎስ?» ብለው ጠየቁ እናታችን። የፑኝዶው ወንዝ ማለታቸው ነው። የእኛ ጊሎ ፒቦር ከሚባል ወንዝ ይገባል። ፒቦርና ባሮ ደግሞ ተገናኝተው ሶባት ይባላሉ። ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ይህን በጭቃ ላይ በእንጨት ሥለን አሳየናቸው። «እንግዲያ ከኋላ ይገናኛሉ» አሉ። ልጃቸውን አዩ። ሌላ አልተናገሩም።

ስንመለስ የልጅቷን ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ ልናስነሣ አንድ ሱቅ ገባን። ልጁ ገንዘቡን ነገረን። አባታችን ከበሩ ቆመው ግድግዳውን አዩ። ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። «እዚያ የተጻፈው ሌላ ነው» አሉ። አየን። እውነታቸውን ነው። ልጁ ተሳሳትኩ አለ። አባታችን ሲወጡ «ቁጥር እኮ ፊደል አይደለም፤ ቁጥር ድሮም አውቃለሁ» አሉን። ይሁን አልን። ግን ከቁጥሩ በላይ «ፎቶ ኮፒ» የሚለውን ማን አነበበላቸው?

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቡና ተፈላ። አባታችን እንዲህ አሉ። «ልጅቷ ልትማር ነው። ተምራ ስትመለስ ራሷን ጠይቋት፤ ያን ጊዜ መልሱ የእሷ ነው።» ሽማግሌዎቹ ቡናውን ሳይጨርሱ ተነሡ። የጠያቂው ቤት ሰዎች ከዚያ ወዲህ ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ሰላምታ አይሰጡም። በገበያ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አዝነናል፤ መልካም ሰዎች ናቸው።

የቤት ኪራዩ ነገር ገና ነው። እናታችን በከሰል መሬት ላይ ቁጥር ጽፈው ይደምራሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይደምራሉ። አንዷን ፍየል ሊሸጡ ነው። ስለ ሁለተኛዋ ገና አልወሰኑም።