የጠፋውን ብልጭታ ስለ መፈለግ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉ አባቶች ስለ ሞተር ብስክሌት አልተናገሩም፤ ነገር ግን የአሮጌ ሞተር ብስክሌት የኤሌክትሪክ ብልሽት ያስቸገረው ሰው ቃሉ ለእርሱ የተነገረ ይመስለዋል።

ሰኮሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ በግልገል ጊቤ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ማመንጫ 184 ሜጋዋት የማመንጨት ኃይል አለው። በዚያው አገር የሚመላለስ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ደግሞ 6 ወይም 12 ቮልት አጥቶ በጨለማ ይቆማል። ሁለቱ በመጠን እጅግ ቢራራቁም ሕጋቸው አንድ ነው፤ ማግኔት ከሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ የተወለደውም ወደ መነሻው የሚመለስበት መንገድ ካላገኘ ሥራ አይሠራም።

ጉዳዩ እንደ ተራ ነገር የሚታይ አይደለም። በሞተር ብስክሌት ወደ ገጠር ቀበሌ ክትባት የሚያደርስ የጤና ሠራተኛ በመንገድ ቢቀር፥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቈየት የሚገባው ክትባት ይሞቃል፤ ሕፃን ታቅፈው የሚጠብቁ እናቶችም ያለ ክትባት ይመለሳሉ።

ችኩል ባለቤት ግን ሳይመረምር ይገዛል፤ መጀመሪያ ባትሪ፥ ቀጥሎ ካንዴላ፥ ከዚያም ቦቢና። ገንዘቡ ያልቃል፤ ብልሽቱም በቦታው ይኖራል። አስተዋይ መካኒክ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፦ የጠፋው መብራቱ ነው ወይስ የሞተሩ ብልጭታ? በብዙ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ማግኔቱ ያለ ባትሪ እርዳታ ለካንዴላው ብልጭታ ይሰጣልና፥ መብራቱ ጠፍቶ ሞተሩ ቢነሣ የሚመረመረው የመብራቱና የባትሪው መስመር ነው። ብልጭታው ከጠፋ ደግሞ ካንዴላውንና የሞተር ማጥፊያውን ማብሪያ ከነሽቦው ማየት ይቀድማል።

ከዚህ በኋላ መለኪያውን ያነሣል። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሲፈጥን ወደ 14 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። ከፍ ካላለ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ደክሟል፤ ከ15 ካለፈ ግን ኃይሉን የሚወስነው መሣሪያ ተበላሽቷልና ባትሪው ይፈላል፥ አምፖሉም ይቃጠላል። የመመለሻው ሽቦ ከብረቱ አካል ጋር የሚታሰርበትን ብሎን ፈትቶ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይጠርጋል። መብራቱን አብርቶም መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራል፤ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ካለ፥ ከላይ ደኅና የሚመስለው ሽቦ በውስጡ ተበጥሷል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የተቃጠለውን ፊውዝ አውጥቶ በወፍራም ሽቦ መተካት ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ አስጠንቃቂውን ዝም ያሰኘ ሰው በቤንዚን ማጠራቀሚያው ሥር በሚያልፈው ሽቦ ላይ እሳት ይጠራል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ መካኒክ ስለ ምን አይበዛም? ግማሽ ቀን ፈልጎ አንዲት ብሎን ጠርጎ ያዳነውን ሰው ባለቤቱ፦ «ታዲያ ምን ቀየርህና ነው የምከፍልህ?» ይለዋል። ሳይመረምር አዲስ ባትሪ የሸጠለት ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል። እንዲህ ሲሆን ሐቀኛው መካኒክ እንኳ መመርመርን ትቶ ዕቃ መለወጥን ይለምዳል፤ ያስተማረውም ደንበኛው ነው። እንግዲህ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለፍለጋውም ዋጋ ይቍረጥ፤ ይህን የነፈገ ሰው ያላስፈለገውን ባትሪ ገዝቶ፥ በሌሊት ሞተሩን እየገፋ ወደ ቤቱ ይገባል።